ከጎመኑ ጎን የቆመው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ቴክሳስ፣ ዋይሊ ውስጥ የምንኖርበት መንደር የቤት ባለቤቶች ማህበር ለኮሚቴ አባላቱ አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ላከልን። የኮሚቴ አባል የሆንኩት ወድጄ አይደለም፤ ዓመታዊው ስብሰባ ላይ ኬክ ልቆርስ ብድግ ስል ፈቃደኛ የሆንኩ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ማፍረስ አሳፍሮኝ ቀረሁ። ሥራችን ይኸው ነው። የማን ሣር አደገ፣ የማን የቆሻሻ ገንዳ መንገድ ላይ ዋለ፣ የማን አጥር ቀለሙን ለቀቀ እያሉ ጎረቤቶች የሚልኩትን አቤቱታ እናያለን፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ አይጻፍ ብለን ድምፅ እንሰጣለን። በዚህኛው ፎቶ ላይ የሚታየው የአንድ ቤት ፊት ለፊት ነው። እንደ ምንጣፍ ከተስተካከለው ሣር መሀል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ ቢጫ አበባ ያለው ነገር ቆሟል። "ከተፈቀደው በላይ ያደገ አረም" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ። ከአምስታችን ሦስቱ እኔ ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ "ይታጨድ" ብለው መልሰዋል።

ፎቶውን በጣቶቼ አስፍቼ ቅጠሉን ሳየው ሳቄ መጣ። አረም አይደለም። ዘር ሊይዝ ያበበ ያበሻ ጎመን ነው።

አባዬ እኛው ጋ ነው የሚኖረው፤ ሰማንያን አልፏል። ሳሎን ሄጄ ስልኩን አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አተኩሮ አየው።

"ማነው ያነሳው?" አለኝ።

"ጎረቤት ነው። ይታጨድ ብለው ከሰዋል።"

"ገና እኮ ነው" አለ፣ ክሱን ከምንም ሳይቆጥር። "ቢያንስ አርባ ቀን ይፈልጋል።"

አርባ ቀን ሲል እኔ ዋይሊ መሆኔ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሚያዝያ ነው፤ አድባር የሚያህሉት የኦክ ዛፎች የሚያራግፉት ቢጫ ብናኝ የአባዬን አሮጌ ቶዮታ አልብሷታል፣ እኔም በአባቴ አፍሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ያኔ የምንኖረው ከካሮልተን ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ ነበር፤ ስሟ ይቅር። ዲቪ ደርሶን ከናዝሬት ከመጣን አራተኛ ዓመታችን ነው። እማዬ ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ትሠራለች፣ እኔ ኮሌጅ እማራለሁ። አባዬ አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የፋይል ቁጥር፣ ግልባጭ፣ ይህ ነበር ዓለሙ። ባለጉዳይ ሁሉ "ጋሽ ወንድሙ" እያለ ደጁ ይቆም ነበር። እዚህ ግን ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ላይ ሌብል ይለጥፋል። አለቃው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፣ "ዎንዲ" ይለዋል። አባዬ ይህን አንድ ቀን አማርሮ ሲናገር አልሰማሁም፤ ቤት ሲገባ ግን ጫማውን አውልቆ ረጅም ሰዓት እዚያው በሩ ሥር ይቀመጥ ነበር።

የሚነቃው ጎመኑ ጋ ሲደርስ ነው። እህቱ ከናዝሬት በመድኃኒት ብልቃጥ ከላከችለት ዘር የመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ተበላሽቶበት ነበር፤ ወቅቱን አላወቀም፣ በሰኔ ዘርቶ የቴክሳስ ፀሐይ ጠበሰችበት። በሁለተኛው ዓመት ገባው። በጥቅምት፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ የቀረውን ዘር አንድም ሳያስተርፍ ዘራው። ጓሯችን ውስጥ ትልቅ የፒካን ዛፍ ስላለ ጥላ ነው፤ ስለዚህ የዘራው ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ ሣሩን ገልብጦ ነው። ክረምቱን ሙሉ በላነው። ከሱቅ የምንገዛው ጎመን ወፍራም ነው፤ ሲበስልም ሲበላም ጊዜ ይፈጃል። ይህ ግን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ለብ ሲል አፍ ውስጥ ይጠፋል። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ሄደ፣ የቀመሱት ሴቶች ከበቡት። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ "ጋሽ ወንድሙ፣ ዘሩ መቼ ነው?" የሚባል ሰው ሆነ። ዘር ለሚፈልጉት ሁሉ ቃል ገባ፤ ስማቸውንም በተራ መዘገበ። መዝጋቢ አይደል!

ጎመን ደግሞ ዘር እንዲሰጥ ካስፈለገ መቆረጡ ይቀራል፣ ይተዋል። ይመዘዛል፣ ያብባል፣ ከዚያ አበባው ረግፎ ቀጫጭኑ ፍሬ ይወጣና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ሲያየው የተረሳ ግቢ ነው የሚመስለው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም የማውቀው ሰው ሆኜ ሲያዩብኝ አፍር ነበር። የኮሌጅ ጓደኞቼ ሲያደርሱኝ ሁለት ቤት ቀደም ብዬ እወርድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የከተማው አርማ ያለበት ነጭ ፒክአፕ ደጃችን ቆመ። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ሰው ወርዶ ካሜራ አወጣ። አባዬ ቁምጣና ቦቲ አድርጎ ውኃ እያጠጣ ነበር። ሰውየውን ሲያይ ቧንቧውን ጥሎ እየሮጠ ገባ፣ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ቡናማ ኮቱን ከቁምጣው በላይ ደርቦ ወጣ።

"ኑ ውጡ!" ብሎ ጮኸ። "ማዘጋጃ ቤት አትክልታችንን ፎቶ ሊያነሳ መጥቷል!"

ከጎመኑ ጎን ቆመ። ቁልፉን ቆለፈ፣ አንድ እጁን የጎመኑ አናት ላይ አሳረፈ፣ ፈገግ አለ። ሰውየው ትንሽ ግራ ገብቶት አየው፣ ከዚያ አነሳው። አባዬ ሲያበቃ ለጋ ለጋውን ጎመን አስሮ ሰጠው። ሰውየው ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም ብሎ መለሰለት።

"አየሽልኝ" አለኝ አባዬ፣ መኪናው ሲሄድ። "ጉቦ አይበላም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው አገር የሚያለማው።"

በሚቀጥለው ሳምንት ፖስታ መጣ። ከፍቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በከተማው ደንብ መሠረት ሣርና አረም ከአሥራ ሁለት ኢንች መብለጥ አይችልም፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልታጨደ ከተማው ራሱ አጭዶ ሒሳቡን ይልካል፣ ቅጣትም አለ። ከወረቀቱ ጋር ማስረጃ ተያይዟል። ማስረጃው አባዬ ነው፤ ኮት ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ደረቱ ድረስ ከመጣ ጎመን ጎን ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቁመቱን ለማሳየት ማስመሪያ አቁመው ነው የሚያነሱት አሉ። እኛ ቤት ማስመሪያው ራሱ ተከሳሹ ነበር።

አንብቤ ስተረጉምለት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። እማዬ "እጨደውና እንገላገል ወንድሙ፣ ከመንግሥት ጋር ምን አነካካን" አለችው። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ "እስቲ ደውይላቸው" አለኝ።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች። ሁለት ነገር ነው የነገረችኝ፤ አንደኛው፣ ይታጨድ። ሁለተኛው፣ ቅሬታ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክታችሁ ቀርባችሁ መሰማት ትችላላችሁ። እኔ ለአባዬ የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኩት። ሁለተኛውን ሆን ብዬ መደበቄን ከእሱ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእሱም የነገርኩት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው። ጎመኑ ታጭዶ እንደ ሰው ሣር ብቻ እንዲኖረን ፈልጌ ነበር።

የከሰሰን ማን እንደሆነች በልቤ አውቄያለሁ። ከጎናችን ሚስ ቬራ የምትባል ባሏ የሞተባት ጥቁር አሜሪካዊት ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ በጭኗ ደብተር ይዛ የሆነ ነገር ትጽፋለች። ስልክ ይዛ ለከተማው ስትደውል ድምጿ እኛ ኩሽና ድረስ ይሰማል። አገር ቤት አቤት የሚል ሰው ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ደጅ ጠንቶ ነው። እዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ከወንበሩ ሳይነሳ ይከሳል፤ ማን ከሰሰኝ ብትል ምስጢር ነው ይሉሃል። በጣም ተናድጄባት ስለነበር ሰላምታ ተውኩ። ጠዋት ጠዋት "ሃይ ቤቢ" ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከክላስ ስመለስ አባዬ ማጭድ ይዞ ጎመኑ መሀል ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። አላጨደም። አንዷን ፍሬ ሰንጥቆ በመዳፉ ይዟታል። ዘሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ በጣቱ ሲነካው ውኃ ሆነ።

"አይሆንም" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጎመኑ። "ምንም አይተርፍም። ለሰዎቹ ምን እላቸዋለሁ?"

እንባው መጣ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። የፈራሁት የጓደኞቼን ዓይን ነው፤ እሱ የሚያጣው ግን እዚህ አገር "ጋሽ" ያሰኘውን ብቸኛ ነገር ነው።

"አባዬ" አልኩት። "በጽሑፍ አቤት ማለት ይቻላል ብለዋል።"

ቀና አለ። "በምን?"

"በጽሑፍ።"

ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጉልበቱን አራገፈና ተነሳ። እንዲያ ቀጥ ብሎ ሲቆም ካየሁት አራት ዓመት ሆኖኛል።

"እንግዲህ" አለ፣ "የእኔን ሥራ አመጡልኝ።"

ማመልከቻው ሁለት ቀን ፈጀ። አባዬ በአማርኛ ይጽፋል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ እሱ የኔን አንብቦ "'ክቡር' የሚለው የታለ?" እያለ ይመልስብኛል። ቀን፣ አድራሻ፣ ከዚያ "ጉዳዩ፦ አረም ያልሆነ ተክል ዘሩ እስኪደርስ አርባ ቀን እንዲሰጠን ስለመጠየቅ"። ግልባጭ ለከንቲባው፣ ግልባጭ ለመናፈሻ ክፍል፣ ግልባጭ ለፋይል። "አባዬ፣ እዚህ እንዲህ አይጻፍም፣ ኢሜይል ይበቃል" ብለው የሰማኝ የለም። ሲያልቅ ገጹን ገለበጠና ፊቱ ጠቆረ።

"ማህተም የለውም" አለ።

ማህተም የሌለው ደብዳቤ ለእሱ ደብዳቤ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ክቡን ማህተም በካልሲ ጠቅልሎ ከአርሊንግተን ድረስ፣ ከሥራ መልስ በዚያ ትራፊክ፣ ይዞለት መጣ። አባዬ በማህተሙ ላይ እፍ እፍ ብሎ ሐምራዊውን ክብ ፊርማው ላይ አሳረፈው። ከዚያ የጎረቤት ፊርማ ያስፈልጋል አለ። እኔ አብሬው አምስት ቤት ዞርኩ። ሚስ ቬራ በር ላይ ስንደርስ ግን "የከሰሰችን እሷ ናት፣ አልገባም" ብዬ ተመለስኩ። ብቻውን ገባ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ፊርማዋንና በፎይል የተጠቀለለ የበቆሎ ዳቦ ይዞ ወጣ። በዚያ ባለችው እንግሊዝኛ ምን ሲያወሩ እንደቆዩ ስጠይቀው "የእርሻ ነገር ነው" ብሎ ዘጋኝ።

የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ፣ ማህተሙን በጣቷ ነካችው። "ይሄ የምን ማህተም ነው?" አለችኝ።

"የመረዳጃ ማህበራችን ነው" አልኩ፣ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ።

ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም "እንዴት ያምራል!" ተባባሉ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የራሷን የመቀበያ ማህተም አወጣችና የእኛ ኮፒ ላይ መታችልን። አባዬ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው።

የምንሰማበት ቀን ደረሰ። ሦስት ሰዎች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ ኤሲው አጥንት ይሰብራል። ተራችን ሲደርስ መብራቱን ቀንሰው ማስረጃውን ግድግዳው ላይ አበሩት። አባዬ ኮቱን ለብሶ ግድግዳውን ሞላው። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሰብሳቢዋ ግድግዳውን አየች፣ ያንኑ ኮት ለብሶ ፊቷ የቆመውን ሰውዬ አየች፣ እሷም አፏን በእጇ ያዘች። በአእምሮዬ ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበር፤ አላወቅንም ነበር፣ ዛሬውኑ እናጭዳለን።

አባዬ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ "ይቅርታ እንዳትይ" አለኝ። "ያጠፋነው የለም። አርባ ቀን በያቸው።"

እንዴት ድምፅ እንደወጣልኝ አላውቅም። ይህ አረም አይደለም፣ ምግባችን ነው አልኩ። ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ አሁን ቢታጨድ ሌላ እንደሌለን፣ ስንት ቤተሰብ እየጠበቀው እንደሆነ ነገርኳቸው። የአባቴ ሥራ መዝገብ ቤት እንደነበረና ቃሉን አጥፎ እንደማያውቅም ጨመርኩ፤ ያን ማንም አልጠየቀኝም። ስጨርስ ጉንጬ እርጥብ ነበር፤ አላፈርኩም።

"ሌላ የሚናገር አለ?" አለች ሰብሳቢዋ።

ከኋላ ወንበር ተጎተተ። ሚስ ቬራ ናት፣ ደብተሯን ታቅፋ፣ የእሁድ ባርኔጣዋን አድርጋ። አለቀልን ብዬ የአባዬን እጅ ያዝኩ።

"ከተማው ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ" ብላ ጀመረች። "ስለዚህ ሰውዬ ግን አይደለም። ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው መተላለፊያ ፈርሶ ውኃ ካቆረ ሦስት ዓመቱ ነው። የደወልኩበት ቀን ሁሉ እዚህ ተጽፏል። ሦስት ዓመት ለምኜ በመጨረሻ አንድ ሰው ላካችሁ፤ እሱም ጀርባውን ሳያይ ከፊት ለፊት የሰው ጎመን አንስቶ ሄደ!" ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "እናቴ ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ ሰናፍጭ ጎመኗን በየዓመቱ እንዲህ ትተወው ነበር። ዘር ሌላ ከየት ይመጣል? ይሄን ጎመን ክረምቱን ሙሉ በአጥር ላይ እያቀበለኝ በልቼዋለሁ። አረም በልቼ አላውቅም።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢዋ ወደ ከተማው ሠራተኞች ዞራ "መተላለፊያውስ?" ስትል አንገታቸውን ደፍተው ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ። ሦስቱ ለአፍታ ተንሾካሾኩና ፈረዱ፤ አርባ ቀን ተፈቅዷል፣ መተላለፊያው ደግሞ በአስቸኳይ ታይቶ ይጠገን። አባዬ ከኔ ትርጉም በፊት ገብቶት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔ ሮጬ ሚስ ቬራ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች አስቤ "ሶሪ፣ ሶሪ" ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። እሷም "እሺ ቤቢ፣ ባርኔጣዬን ግን ተይልኝ" አለችኝ።

ውጭ መብላት የማይወደው አባዬ የዚያን ቀን ወደ ቤት አልነዳም። ሚስ ቬራ የመራችን የተጠበሰ ዓሣ ቤት ገባን። ከኪሱ የሚጥሚጣ ብልቃጥ አውጥቶ ዓሣው ላይ ነሰነሰ፣ ለእሷም ነሰነሰላት፤ እንባዋ እየወረደ ጨምርልኝ አለችው። በየመሀሉ አባዬ ያለምንም ምክንያት "አርባ ቀን!" ይልና ጠረጴዛውን ይመታል።

ጎመኑ ገና ሳይደርቅ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከጀርባ ገባ። ሚስ ቬራ ወንበሯን ከበረንዳ ወደ ጓሮ አዛውራ ሠራተኞቹን ስትቆጣጠር ዋለች። በግንቦት መጨረሻ ፍሬው ገርጥቶ በንፋስ መንኮሻኮሽ ሲጀምር አንሶላ አንጥፈን ወቃነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው መኪናውን እስከ መንገዱ ጫፍ ደርድሮ መጣ። አባዬ ለእያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት ፖስታ አዘጋጅቷል። ያለ ፊርማ አልሰጥም ብሎ ሁሉንም አስፈርሟል። የመጀመሪያዋ ፖስታ የሚስ ቬራ ነበረች። እኔ ደግሞ በዚያ በጋ ከኮሌጅ ስመለስ ጓደኞቼን ደጃችን ድረስ አድርሱኝ ማለት ጀመርኩ፤ አንዷ አባዬ ግድግዳችን ላይ የሰቀለውን የማስረጃ ፎቶ አይታ "ይሄ ኮት የለበሰው ማነው?" ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የነገርኳት።

ወደ ዋይሊው ልመለስ። ለኮሚቴው "ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ ጠብቁኝ" ብዬ ጻፍኩና ቅዳሜ አባዬን ይዤ ቤቱን አንኳኳሁ። የከፈተችልን ልጅ ያዘለች ወጣት ናት። የማህበሩን ባጅ ሳታየው አልቀረችም፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ኖቲሱ ነው አይደል? ሶሪ፣ ማለቴ አላወቅንም ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ዛሬውኑ እናጭደዋለን፣ ኦኬ?"

ቃል በቃል እኔ ያኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነው። አቀፍኳት።

"ዘሩን ከየት አገኘሽው?" አልኳት።

"ካሮልተን ቸርች አንዲት እናት ሰጡኝ። እሳቸው ከየት እንዳገኙት እንጃ።"

አባዬ አልጠየቃትም። ጎንበስ ብሎ አንዲት ቅጠል ቀነጠሰ፣ አኘካት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ "አይታጨድም!" አለ። "ወረቀት አምጪ ልጄ። አርባ ቀን ነው የምንጠይቀው።"

"ማንን ነው የምንጠይቀው አባባ?"

"እሷን" አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። "ኮሚቴ ናት። ቢሆንም በደንቡ ነው የሚቀርበው። ፎቶም ይያያዝ።"

እንዲህ ብሎ በዱላው እየተደገፈ ጎመኑ መሀል ገባ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ እጁን የጎመኑ አናት ላይ ሊያሳርፍ ፈለገና ወደ ላይ መዘርጋት ሆነበት። ያኔ ደረቱ ላይ የነበረው አበባ አሁን አገጩ ደርሷል። ጎመኑ አይደለም የረዘመው፤ አባዬ ነው ያጠረው። ስልኩን ይዤ በእንባ የተነሳ ማየት አቃተኝ።

"አንሺ እንጂ!" አለኝ፣ ፈገግ እንዳለ።